ጥጋብ አይደለም

የፈረንሳይ ባቡር ነጂዎች አድማ በመቱ ቁጥር ከእኛ ሰው አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፦ ጥጋብ ነው። ዜናው በቴሌቪዥን ሲያልፍ አዲስ አበባ ቡና የሚጠጣው ይለዋል፤ ፓሪስ የሚኖረው ዘመድም ባቡር አጥቶ ሥራ ያረፈደ ዕለት በስልክ ይለዋል። «ዓለም ሥራ አጥቶ ሲንከራተት እነዚህ በ52 ዓመታችን ጡረታ ካልወጣን ብለው ከተማ ይዘጋሉ!» እዚያው ፈረንሳይ ውስጥም ሚኒስትሩ፣ የቴሌቪዥን ተንታኙና የኢኮኖሚ ሊቁ ለስለስ አድርገው የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ጥቂት የተደላደሉ ሠራተኞች ያላቸውን ላለመልቀቅ ሲሉ ድሃውን ተሳፋሪ መያዣ አድርገውታል ይላሉ።

ይህ ፍርድ ሐሰት ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ ግፍ ይሆናል። ሐሰትነቱን ለማሳየት የ2019ኙን አድማ እወስዳለሁ፤ ረጅሙም፣ ክፉኛ የተወገዘውም እሱ ነውና። ዓመታቱና ወራቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን መንግሥት በአገሪቱ የነበሩትን 42 የጡረታ ሥርዓቶች አፍርሶ በአንድ ሥርዓት ሊተካ ተነሣ። ሠራተኛው በየወሩ በሚከፍለው መዋጮ ነጥብ ይገዛል፤ ጡረታ ሲወጣ ነጥቡ ወደ ገንዘብ ይመነዘራል። እስከዚያ ድረስ የነበረው ስሌት ይህን ያህል ዓመት ከሠራህ የደመወዝህን ይህን ያህል እጅ ታገኛለህ የሚል ነበር። አዲሱ ግን ዛሬ የምትከፍለውን በሣንቲም ይነግርህና የዛሬ 30 ዓመት የምታገኘውን ሳይነግርህ ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። መንግሥት የነጥቡ ዋጋ እንዳይቀንስ በሕግ ዋስትና እሰጣለሁ ብሎ ነበር፤ ግን አንዱ ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ቀጣዩ ይሽረዋል። በአሥር ዓመት ውስጥ የዘይትና የጤፍ ዋጋ የጡረታ አበሉን ሲውጥበት ያየ ኢትዮጵያዊ ጡረተኛ ይህን ሥጋት ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም። እሱም በየወሩ የተቆረጠበትን ያውቃል፤ ያገኘውንም ያውቃል።

አድማው ድንገት የወረደ መዓት አልነበረም። ሴፕቴምበር 13 ቀን የፓሪስ ሜትሮ ሠራተኞች የአንድ ቀን የማስጠንቀቂያ አድማ አድርገው አሥር መስመሮች ተዘግተዋል። የሠራተኛ ማኅበራቱ ወዲያው ለዲሴምበር 5 ቀጠሮ ያዙ። መንግሥት ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ጊዜ ነበረው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ በወጣው ሕግ እያንዳንዱ ባቡር ነጂ አድማ የሚመታ ከሆነ ከ48 ሰዓት በፊት በግሉ ማሳወቅ አለበት። «ሕዝቡን አዘናግተው ያዙት» የሚል ሰው ይህን ሁሉ ማስጠንቀቂያ የት እንዳደረገው ሊነግረን ይገባል።

አሁን ወደ 52 ዓመቱ ልምጣ። የክሱ ሁሉ እምብርት እሱ ነው።

ሙግቱ እንዲህ ይሄዳል፦ ነጂው ቀደም ብሎ እንዲወጣ የተፈቀደው ባቡር በከሰል በሚሄድበት ዘመን ነው፤ ዛሬ ከሰል የለም፣ ጥቀርሻ የለም፣ ነጂው ተቀምጦ ቁልፍ ይጫናል። እውነት ነው፣ የፈረንሳይ ምድር ባቡር ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የወጣው በ1909 ነው፤ በዚያን ጊዜ እሳት አንዳጁም ነጂውም ሳንባቸውን ጨርሰው ነበር የሚወጡት። ከሰሉ ሄዷል። ሌሊቱ ግን አልሄደም።

የሜትሮ ነጂውን ካቢን እንየው። የመጀመሪያው ባቡር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሣል፤ ስለዚህ ነጂው ከቤቱ የሚወጣው ከተማው ገና ሲያንቀላፋ ነው፤ መኖሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከተማው ውጭ ነው፣ ፓሪስ ውስጥ ለመከራየት ደመወዙ አይበቃም። በሌላው ሳምንት ፈረቃው ይገለበጥና የመጨረሻውን ባቡር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመልሳል። ካቢኑ ውስጥ ብቻውን ነው። እጁ ወይም እግሩ አንዱን መቆጣጠሪያ ይዞ መቆየት አለበት፤ ከለቀቀው ማሽኑ ሰውየው ሞቷል ወይም ተዘርሯል ብሎ ባቡሩን ያቆማል። ዓይኑ ከጨለማ ወደ ብርሃን፣ ከብርሃን ወደ ጨለማ በየአንድ ደቂቃ ተኩሉ ይመላለሳል፤ በፓሪስ ጣቢያዎቹ የሚራራቁት 500 ሜትር አካባቢ ነውና። በየጣቢያው ጥግ የቆመውን ሰው ያያል። አብዛኞቹ መስመሮች በመድረኩና በሐዲዱ መካከል መከለያ በር የላቸውም። አንድ ቀን ያ ጥግ ላይ የቆመው ሰው ራሱን ወደ ሐዲዱ ይወረውራል፤ ነጂው ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ይዞ፣ ባቡሩ እንደማይቆምለት እያወቀ፣ የሚመጣውን ያያል። ይህን ያላየ ነጂ እንኳ በየጣቢያው እየጠበቀ ነው የሚነዳው። ቁልፍ መጫን የሚባለው ሥራ ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሌሊት ፈረቃ መሥራትን ካንሰር የማምጣት ዕድል ካላቸው ነገሮች ተርታ ያስገባው በ2007 ነው፤ በ2019 እንደገና መርምሮ ፍርዱን አጽንቶታል። ሃያ አምስት ዓመት እንቅልፉ ሲገለባበጥ የኖረ ሰው በ52 ዓመቱ ወጣት ነው የሚለኝ ሰው እድሜን ከመታወቂያ ላይ ብቻ የሚያነብ ነው።

በዚያ ላይ 52 ራሱ የተሸራረፈ ቁጥር ነው። ነጂዎቹ ድሮ በ50 ይወጡ ነበር፤ በ2008 እና በ2010 የተደረጉት ማሻሻያዎች ቀስ በቀስ ወደ 52 አደረሱት፤ የሌሎቹን የባቡር ሠራተኞች 55 ደግሞ ወደ 57። ሙሉ ጡረታ ለማግኘት የሚጠየቀው የመዋጮ ዘመንም እንደ ሌላው ሠራተኛ እንዲረዝም ተደርጓል፤ ሳይሞላ የወጣ አበሉ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ብዙዎቹ በ52 አይወጡም፤ ኪሳቸው አይፈቅድላቸውም። አንድ ጊዜ ሰጡ፣ ሁለተኛ ሰጡ፣ ሦስተኛው ሲመጣ እምቢ አሉ። ጥጋበኛ የተባሉት በሦስተኛው ነው።

ሰዎች የሚረሱት ትልቁ ነገር ጡረታ ስጦታ አለመሆኑ ነው። በ23 ዓመቱ የተቀጠረ ነጂ የተስማማበት ውል ነበረው። ደመወዝህ ይህን ያህል ነው፤ እሑድ ትሠራለህ፣ ገና ትሠራለህ፣ ልጅህ ሲታመም ሌሊት ትሠራለህ፤ በምትኩ ቀደም ብለህ ትወጣለህ። ለዚህ መብት ተብሎ የተለየ መዋጮ ድርጅቱ ራሱ ሲከፍል ኖሯል። ሠራተኛው የውሉን የራሱን ግማሽ፣ ሌሊቱንና በዓሉን፣ አስቀድሞ ከፍሎ ጨርሷል። ሌላው ወገን ተራው ሲደርስ ዋጋውን ልቀይር ቢል፣ በእኛ ገበያ እንኳ ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ምን እንደሚባል እናውቃለን።

«ግን ኪሳራው! መንግሥት ከግብር ከፋዩ ኪስ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ለባቡር ሠራተኞች ጡረታ ይደጉማል!» ቁጥሩ ትክክል ነው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ብሔራዊው የምድር ባቡር ድርጅት በ1938 ሲቋቋም ከ500 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። በ2010ዎቹ መጨረሻ መዋጮ የሚከፍሉት ወደ 140 ሺህ ወርደዋል፤ ጡረታ የሚቀበሉት ግን ከ250 ሺህ በላይ ነበሩ። ከ360 ሺህ በላይ የሥራ ቦታ ያጠፉት ነጂዎቹ አይደሉም። የገጠር መስመር የዘጋው፣ ጣቢያ ያሸገው፣ ቅጥር የቀነሰው አስተዳደሩና መንግሥት ነው። ከፋዩን ቀንሶ ተቀባዩ በዛ ብሎ መጮኽ ምን ዓይነት ሒሳብ ነው? የማዕድን ቆፋሪዎቹ የጡረታ ሥርዓት ከሞላ ጎደል በመንግሥት ገንዘብ ነው የሚኖረው፣ ማዕድኑ ስለተዘጋ። የገበሬዎቹም እንዲሁ ከሌላው በሚመጣ ገንዘብ ይደገፋል፣ ገበሬው ስላነሰ። አንድም ሚኒስትር ወጥቶ ማዕድን ቆፋሪውን ጥጋበኛ አላለውም፤ ሊለውም አይገባም። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ደግሞ አዲስ የሚቀጠር የባቡር ሠራተኛ በአሮጌው ደንብ ስለማይገባ ወደ ልዩ ሥርዓቱ የሚገባው መዋጮ ከዓመት ዓመት ይደርቃል። ጉድለቱ ሲሰፋ እንደገና የነጂዎቹ ጥፋት ተደርጎ ይጻፋል፤ ከአሁኑ እናገራለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን የራስ ወዳድነት ክሱ ነው። ዲሴምበር 11 ቀን 2019 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዱዋር ፊሊፕ ዕቅዱን ዘርዝረው ሲያቀርቡ፣ አዲሱ ሥርዓት የሚነካው ከ1975 ወዲህ የተወለዱትን ነው አሉ፤ እንደ ባቡር ነጂ በ52 መውጣት ለሚችሉት ደግሞ ከ1985 ወዲህ የተወለዱትን ብቻ። በዚያ ዓመት የ1984 ተወላጅ 35 ዓመቱ ነው። ይህ ማለት ከ35 ዓመት በላይ የሆነው ነጂ ሁሉ በማግስቱ ወደ ካቢኑ ተመልሶ የራሱን መብት ይዞ መቀጠል ይችል ነበር። ብዙው ግን አልተመለሰም። ሌሊት በአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ጣውላ እያነደደ፣ ከገና በፊት ባለው ብርድ ቆመ። የቆመበት ቀን ሁሉ ከደመወዙ ተቆረጠ፤ አንዳንዱ ያለ ደመወዝ ከ40 ቀን በላይ ቆየ። ለማን ሲል? አብሮት ለሚሠራው ለ28 ዓመቱ ልጅ፣ ገና ላልተቀጠረውም። ይህን ራስ ወዳድነት የሚል ሰው መሥዋዕትነት ብሎ የሚጠራው ምን ይሆን?

አንድ ሥርዓት ለሁሉም፣ ልዩ መብት ለማንም የለም የሚለው መፈክርም ብዙ አልቆመም። የፖሊስ ማኅበራት ድምፃቸውን ከፍ እንዳደረጉ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ቀደም ብለው የመውጣት መብታቸው እንደሚጠበቅ በጽሑፍ አረጋገጡላቸው። የከባድ መኪና ሾፌሮችም ዋስትና አገኙ። እኔ ፖሊሱ ለምን አገኘ አልልም፤ የሌሊት ሥራ የሌሊት ሥራ ነው። ግን አድካሚ ሥራ ቀደም ብሎ ያስወጣል የሚለው መርሕ ጠመንጃ ለያዘው ከሠራ ባቡር ለያዘው የማይሠራበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ፍትሕ ውስጥ አይገኝም። በ2017 መንግሥት ለአድካሚ ሥራ ነጥብ ይሰጥ ከነበረው ዝርዝር ውስጥ አራት መስፈርቶችን ሰርዟል፦ ከባድ ሸክም፣ የሚያጎብጥ አቀማመጥ፣ ኬሚካልና የማሽን ንዝረት። ማክሮን ራሳቸው በኦክቶበር 2019 ሮዴዝ ከተማ ከሕዝብ ጋር ሲወያዩ፣ የሥራ አድካሚነት የሚለውን አነጋገር እንደማይወዱት፣ ሥራ ሥቃይ ነው የሚል ስሜት እንደሚሰጥ ተናግረዋል። ወገቡ በንዝረት ያለቀ ሰው ስሜት ተሰጥቶት አይደለም የሚታመመው።

እዚህ ላይ አንባቢ ያቺን ሴት ያነሣብኛል፤ ማንሣትም አለበት። ከከተማ ዳር ካለ ሰፈር ተነሥታ ሆቴል የምታጸዳው፣ በአድማው ሰሞን በጨለማ ሁለት ሰዓት በእግሯ የሄደችው፣ ከዘገየች ሰዓቷ የሚቆረጥባት፣ ብዙ ጊዜም አፍሪካዊት የሆነችው። ከእኛም ልጆች በዚያ ሥራ ላይ ያሉ አሉ። ችግሯ እውነት ነው። በዚያ ዲሴምበር ያለ ነጂ የሚሄዱት አንደኛና አሥራ አራተኛ መስመር ብቻ እንደ ወትሮው ሲሠሩ መድረካቸው ላይ ሰው በሰው ላይ ይጋፋ ነበር። ይህን የሚክድ የአድማ ደጋፊ አያስፈልገኝም።

ግን ስለ እሷ የሚናገረው ማነው? ክረምቱን ሙሉ በቴሌቪዥን ስለ ሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋ መከራ ያወሩት ሰዎች፣ በዚያው ጊዜ በፓሪስ ባቲኞል ሰፈር የአንድ ትልቅ ሆቴል ጽዳት ሠራተኞች ራሳቸው አድማ ላይ እንደነበሩ ስንቴ ተናገሩ? ከጁላይ 2019 ጀምሮ ነበር አድማ የመቱት፤ የሚያጸዱት ክፍል ቁጥር እንዲቀንስላቸውና ክፍያቸው እንዲሻሻል። አብዛኞቹ አፍሪካውያን እናቶች ናቸው። ስምምነት የተፈረመላቸው በ2021 ነው። ከመሪዎቻቸው አንዷ በኮት ዲቯር የተወለዱት ራሼል ኬኬ በጁን 2022 የፈረንሳይ ብሔራዊ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። መንግሥት በ2023 የጡረታ ዕድሜውን በሁለት ዓመት አሳድጎ 64 ሊያደርሰው ሲመጣ የቆሙት ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነበር። በስሟ ሲነገድባት የነበረችው ሴት መናገር ስትችል የተናገረችው ይህን ነው።

ምክንያቷም ግልጽ ነው። የፈረንሳይ የስታቲስቲክስ ተቋም በ2018 ባወጣው ጥናት ከሀብታሞቹ 5 በመቶ ውስጥ ያለ ወንድ በአማካይ 84 ዓመት ይኖራል፤ ከድሆቹ 5 በመቶ ውስጥ ያለው ወደ 72። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልዩነት ነው። ሰው ረጅም መኖር ስለጀመረ ረዘም አድርጎ ይሥራ የሚለው አባባል የማንን ዕድሜ ነው የሚቆጥረው? ሁለት ዓመት ከ22 ዓመት ዕረፍት ላይ ሲነሣና ከ10 ዓመት ላይ ሲነሣ አንድ አይደለም።

የጽዳት ሠራተኛዋ ብቻዋን ሥራ ብታቆም በማግስቱ ሌላ ትተካለች። ነጂው ሲያቆም ከተማው ይቆማል። በ1995 ጠቅላይ ሚኒስትር አለን ዡፔ የባቡርና የሜትሮ ሠራተኞችን ጡረታ ሊነኩ ሲነሡ አገሩ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ሦስት ሳምንት ቆመ፤ በእግሩ የሚሄደው ብዙ ፈረንሳዊም አድመኞቹን ይደግፍ ነበር፣ እኔ ማቆም ስለማልችል እነሱ በእኔ ፈንታ አቁመዋል እያለ። ዡፔ ያንን የዕቅዳቸውን ክፍል ተዉት። አቅም ያለው ሠራተኛ ከተሸነፈ በኋላ አቅም የሌለው የሚያተርፈው አንዳች ነገር የለም፤ የነጂው 52 ወደ 64 ቢወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ 64 አይቀንስላትም።

ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤት ነው እንጂ ጎዳና አይደለም የሚሉም አሉ። ይሁን፤ ምክር ቤቱ ድምፅ ይስጥ። አልሰጠም እኮ! ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 ፊሊፕ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 3 ጠቅሰው ረቂቁን ያለ ድምፅ ሊያሳልፉ ወሰኑ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሮና ተስፋፍቶ ማርች 16 ማክሮን ማሻሻያውን አገዱት። ትናንት ጥጋበኛ የተባሉት ነጂዎች በማግስቱ ነርሶችንና የሱቅ ሠራተኞችን ጭነው በባዶው ከተማ ሥር ይነዱ ነበር። በ2023ም ያው አንቀጽ ተመዘዘ፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሊዛቤት ቦርን ማርች 16 ቀን የ64 ዓመቱን ሕግ የሕዝብ ተወካዮችን ድምፅ ሳያሰጡ አሳለፉት። መንግሥታቸውን ለመጣል የቀረበው ሐሳብ የወደቀው በ9 ድምፅ ነው። ከሕዝቡ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ሕጉን እንደማይፈልግ መጠይቆቹ ሁሉ ያሳዩ ነበር፤ የጡረታ አማካሪ ምክር ቤቱ ሊቀ መንበርም የጡረታ ወጪው ከቁጥጥር እንዳልወጣ ለምክር ቤት አባላት አስረድተው ነበር። በኦክቶበር 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ሰባስቲያን ለኮርኑ ያንኑ ሕግ እስከ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ እናግደዋለን ብለው ወጡ። ያለ እሱ አገሪቱ ትወድቃለች የተባለለት ሕግ ነው።

ነጂዎቹ ግን የተነጠቁት አልተመለሰላቸውም። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2023 ወዲህ በፓሪስ ሜትሮ የሚቀጠር ሰው ወደ ልዩ ሥርዓቱ አይገባም። ከጎኑ ካለው ባልደረባው ጋር አንድ ካቢን፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ዓይነት ጥግ ላይ የቆመ ሰው ይጠብቀዋል፤ ጡረታቸው ግን አንድ አይደለም።

ጥጋብ ነው ለሚለው ሰው የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ጥሩ ደመወዝ፣ ቀላል ሥራ፣ የልጅነት ጡረታ ከሆነ ወረፋው በር ሊሰብር ይገባው ነበር። በ2022 መኸር የፓሪስ አውቶቡሶችና ሜትሮዎች ድግግሞሻቸው ቀንሶ ተሳፋሪው የተማረረው አድማ በሌለበት ቀንም ጭምር ነበር። ብዙው የቀረው አውቶቡስ የቀረው ሾፌር ስለጠፋ ነው፤ የፓሪስ ትራንስፖርት ድርጅት በሺህ የሚቆጠር ሰው ልቅጠር ብሎ ሲያስታውቅ በቂ ሰው አጣ። የልዩ ጡረታውን በር የዘጉት ከዚያ በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላ ነው።